በቤዝቦል የኮምፒውተር ጨዋታ ፍትሐዊ የተጫዋች ልውውጥ እንዴት ይደረጋል?

የቤዝቦል ቡድን በምናስተዳድርበት የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ኮምፒውተሩን ማሞኘት ከባድ አይደለም። አራት ተራ ተጫዋቾችን ጠቅልሎ ሰጥቶ አንድ ኮከብ መውሰድ፣ ጉልበቱ ያለቀ አንጋፋን በስሙ ብቻ መሸጥ፣ በየቡድኑ ያለውን ተስፈኛ ወጣት አንድ በአንድ መልቀም ይቻላል። እንዲህ የሚያደርግ ሰው በሁለተኛው የጨዋታ ዓመት ዋንጫ ያነሳል፤ በሦስተኛው የሚፎካከረው ቡድን ያጣል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉንም ዘግቶ ከአዲስ ይጀምራል።

እኔ ይህን ጨዋታ የምወደው ለረጅም ዘመን ስለሚዘልቅ ነው። ዛሬ አሳልፌ የሰጠሁት የ19 ዓመት ልጅ ከብዙ የጨዋታ ዓመታት በኋላ በሌላ ቡድን ማሊያ መጥቶ ሲያሸንፈኝ ማየት ለእኔ ከዋንጫ አያንስም። ይህ የሚሆነው ግን ሌሎቹ 29 ቡድኖች በሕይወት ካሉ ብቻ ነው። ስለዚህ መመሪያው በሙሉ የቆመው በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፦ ኮምፒውተሩ ስለ ራሱ በደንብ መከራከር አይችልምና፣ ልውውጡን ከመፈጸማችሁ በፊት በተቃራኒው ቡድን ወንበር ተቀምጣችሁ ስለ እርሱ ተከራከሩለት።

የምጽፈው በዋናነት አውት ኦፍ ዘ ፓርክ ቤዝቦልን ይዤ ነው። በዚህ ጨዋታ ኳስ የሚመታ የለም፤ ሥራው ሁሉ ቡድን ማስተዳደር ነው። ኤምኤልቢ ዘ ሾው በሚባለው ጨዋታ ላይ በፍራንቻይዝ (ቡድን በማስተዳደሪያው) ክፍል ለምትጫወቱም አብዛኛው ይሠራል፤ የሚለይበት ቦታ ሲደርስ እናገራለሁ።

ከእግር ኳስ ለመጣችሁ አስቀድሞ አንድ ነገር

አብዛኞቻችን የዝውውርን ነገር የተማርነው ከእግር ኳስ ነው። እዚያ ገንዘብ ያለው ክለብ ዋጋ ይከፍላል፣ ተጫዋቹ ከአዲሱ ክለብ ጋር ስለ ደመወዙ ይደራደራል፣ ካልተስማማ ባለበት ይቀራል። በአሜሪካ ዋናው የቤዝቦል ሊግ ግን ቡድኖች ተጫዋችን በተጫዋች ይለዋወጣሉ። የተጫዋቹ ውል እንዳለ አብሮት ይሄዳል፤ አዲሱ ቡድን የቀረውን ዓመትና የቀረውን ደመወዝ ይረከባል። አብዛኛው ተጫዋችም ፈቃዱን አይጠየቅም፤ ትናንት ማታ በአንድ ከተማ የተጫወተ ሰው ዛሬ ሻንጣውን ይዞ ወደ ሌላ ከተማ ይበራል።

ይህ ልዩነት ካልገባን የተቀረው ሁሉ ይዛባል። በልውውጥ የምንሰጠውና የምንቀበለው ሰውየውን ብቻ ሳይሆን የቀሩትን የውል ዓመታትና የሚከፈለውን ገንዘብ ጭምር ነው። እኩል ችሎታ ያላቸው ሁለት ተጫዋቾች፣ አንዱ በዚህ ዓመት መጨረሻ ነፃ የሚወጣ፣ ሌላው ገና አምስት ዓመት የቀረው ከሆነ፣ በዋጋ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

1. ከመጀመሪያው ልውውጥ በፊት ቅንብሩን አስተካክሉ

አውት ኦፍ ዘ ፓርክ የልውውጥን አስቸጋሪነት «በጣም ቀላል» ከሚለው እስከ «በጣም ከባድ» ድረስ በደረጃ ያስመርጣል። የእኔ ምርጫ «ከባድ» የሚለው ነው። ከዚያ በታች ኮምፒውተሩ በቀላሉ ይሸነፋል። «በጣም ከባድ» የሚለው ላይ ደግሞ ለአንድ ተጠባባቂ የቡድናችሁን ዓምድ ይጠይቃችኋል፤ ይህም ከእውነታው በሌላ በኩል መራቅ ነው። ከጎኑ ኮምፒውተሩ ወጣቶችን ያስበልጥ ወይስ ነባሮችን የሚል ምርጫ አለ፤ መካከለኛው ላይ ተዉት። ወደ አንዱ ካጋደለ የማጭበርበሪያ በር ይከፈታል፤ ወጣት በሚወድ ሊግ ነባር ኮከቦችን በርካሽ መሰብሰብ፣ ነባር በሚወድ ሊግ ደግሞ የነገውን ትውልድ በሙሉ መውሰድ ይቻላል።

የኮምፒውተሩ ቡድኖች ተጫዋችን የሚመዝኑበት ቅንብርም አለ፤ ለችሎታ ነጥብ፣ ለዘንድሮ ውጤት፣ ለአምናና ለካቻምና ውጤት ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጡ ይወስናል። እኔ የውጤቱን ድርሻ ትንሽ ከፍ አደርገዋለሁ። እውነተኛ ሥራ አስኪያጆች የሚያዩት ሜዳ ላይ የሆነውን ነው፤ የተደበቀ ቁጥር አያዩምና።

ከሁሉም በላይ ግን የመልማዮችን ክፍል አታጥፉት። ብዙ ሰው የተጫዋቹን ትክክለኛ ነጥብ ማየት ስለሚፈልግ ይዘጋዋል፣ ወይም ትክክለኛነቱን ወደ መቶ በመቶ ያወጣዋል። በእውነተኛው ዓለም ልውውጥ የሚኖረው ሁለት ቡድኖች ስለ አንድ ልጅ የተለያየ ነገር ስለሚያስቡ ነው። የእናንተ መልማይ ልጁ ትልቅ ወርዋሪ (ኳሱን ለመቺው የሚወረውር ተጫዋች) ይሆናል ይላል፣ የእነርሱ ትከሻው አይችልም ይላል፣ ስምምነቱ የሚወለደው ከዚህ ክፍተት ነው። እናንተ ብቻ እውነተኛውን ቁጥር የምታዩ ከሆነ ግን ድርድር አይባልም፤ የሌላውን ካርድ አይቶ መጫወት ነው። ትክክለኛነቱን መካከለኛ ላይ አድርጉና እናንተም እንደ ሌላው ተሳሳቱ።

የኮሚሽነሩ፣ ማለትም የሊጉ የበላይ ኃላፊ፣ ሥልጣን ልውውጥን በግድ ለማሳለፍ ያስችላል፤ ለብቻችሁ ስትጫወቱ አጥፉት። ዘ ሾው ላይም በግድ የማስፈጸሚያ ቅንብር ስላለ እርሱም ይጥፋ። ዘ ሾው ውስጥ 30ዎቹንም ቡድኖች በእጃችሁ ይዛችሁ የሁለቱንም ወገን ውሳኔ ራሳችሁ የምትሰጡበት መንገድ አለ፤ ትዕግሥት ላለው ሰው ጥሩ ነው፣ ግን ቀጥሎ የማስረዳውን ስሌት ሳትይዙ አትግቡበት።

2. የቀሩትን ዓመታት ቁጠሩ

የተጫዋቹን ገጽ ስትከፍቱ ዓይናችሁ ቀድሞ የሚያርፈው ችሎታው ላይ ነው። ወደ ውሉ ገጽ እለፉና በዋናው ሊግ ስንት ዓመት እንዳገለገለ እዩ። ደንቡ እንዲህ ነው፦ 172 ቀን ያገለገለ አንድ ዓመት ይቆጠርለታል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ገደማ በዝቅተኛው ደመወዝ ወይም ለዚያ በቀረበ ይጫወታል፤ በ2025 (እዚህ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ዝቅተኛው 760,000 ዶላር ነበር። በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት ካልተስማሙ ደመወዙ በግልግል ዳኞች ይወሰናል፤ በየዓመቱ ያድጋል፣ ግን ከገበያው ያንሳል። ስድስት ዓመት ሲሞላ ነፃ ይወጣና ለፈለገው ይፈርማል።

የእነዚህ ዓመታት ክብደት ምን ያህል እንደሆነ ከኮከቡ መቺ ከሁዋን ሶቶ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ያላችሁ አንባቢዎች ነገሩን ታስታውሱታላችሁ። በሐምሌ 2022 የዋሽንግተኑ ቡድኑ ናሽናልስ ለ15 ዓመት 440 ሚሊዮን ዶላር ቢያቀርቡለት አልተቀበለም። ነሐሴ መባቻ ላይ፣ በዝውውር መዝጊያው ቀን፣ ለሳን ዲዬጎ ፓድሬስ ሰጡት። ዕድሜው 23 ነበር፤ ነፃ ለመውጣትም ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ቀርቶት ነበር። ናሽናልስ በእርሱና በጆሽ ቤል ምትክ ሲጄ ኤብራምስን፣ ማኬንዚ ጎርን፣ ጄምስ ዉድን፣ ሮበርት ሃሴልን፣ ሃርሊን ሱሳናንና ነባሩን ሉክ ቮይትን ተቀበሉ። ከቮይት በቀር ሁሉም ወጣቶች ነበሩ፤ ኤብራምስ፣ ጎርና ዉድ በኋላ ሦስቱም ለኮከቦች ጨዋታ ተመርጠዋል።

በታኅሣሥ 2023 ፓድሬስ ያንኑ ሶቶን ለኒው ዮርክ ያንኪስ አሳለፉት። አሁን የቀረው አንድ ዓመት ብቻ ነበር፤ ለዚያ ዓመት የሚከፈለውም 31 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። ያገኙት ማይክል ኪንግን፣ ድሩ ቶርፕን፣ ሁለት ሌሎች ወርዋሪዎችንና አንድ ተጠባባቂ ካቸር (ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳሱን የሚቀበል) ነው፤ ፓድሬስም ከሶቶ ጋር ትሬንት ግሪሻምን ጨምረው ሰጥተዋል። ኪንግ ጥሩ ወርዋሪ ነው፣ ልውውጡም ተገቢ ነበር። ግን ከአንድ ዓመት ከአራት ወር በፊት ከተከፈለው ጋር አይወዳደርም። ሶቶ አልደከመም፤ ያጠረው የቀረው ጊዜ ነው። ዓመቱ አልቆ ነፃ ሲወጣ ኒው ዮርክ ሜትስ ለ15 ዓመት 765 ሚሊዮን ዶላር አስፈረሙት፤ ያንኪስ ደግሞ በምትኩ ተጫዋች አላገኙም።

በጨዋታችሁ ውስጥ ኮከብ ስትፈልጉም ሆነ ስትሰጡ ይህን መሰላል አስቡ። ሁለት ዓመት ተኩል የቀረው ኮከብ የቡድኑን ምርጥ ወጣቶች ሁሉ ያስወጣል። አንድ ዓመት የቀረው አንድ ጠንካራ ተጫዋችና ጥቂት ተጨማሪ ያስወጣል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ብቻ የሚቆይ ደግሞ እንደ ወቅቱ ጥማት ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

3. ዋጋውን በራሳችሁ ሊግ ገበያ አስሉ

እዚህ ላይ ወረቀትና እርሳስ ያስፈልጋል፤ ወይም የሒሳብ ሠንጠረዥ። ዋር የሚባለው መለኪያ አንድ ተጫዋች፣ ከታችኛው ሊግ በማንኛውም ጊዜ ሊጠራ ከሚችል ተራ ምትክ ይልቅ፣ ለቡድኑ ስንት ተጨማሪ ድል እንዳስገኘ ይገምታል። አውት ኦፍ ዘ ፓርክ ለሁሉም ተጫዋች ያሰላዋል።

መጀመሪያ በእናንተ ሊግ የአንድ ድልን ዋጋ አግኙ። ባለፈው ክረምት፣ ማለትም ውድድር በማይኖርበት የአሜሪካ የብርድ ወቅት፣ በነፃ ገበያ የፈረሙ አሥር ያህል ታዋቂ ተጫዋቾችን ምረጡ። የዓመት ደመወዛቸውን ደምሩ፤ ባለፈው ዓመት ያስገኙትን ድልም ደምሩ፤ ገንዘቡን ለድሉ አካፍሉት። እንበል 8 ሚሊዮን ዶላር ወጣ። የሌላ ሰው ሊግ ውስጥ ሌላ ቁጥር ሊወጣ ይችላል፤ የጨዋታው ምጣኔ ሀብት በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ ስሌቱን በየክረምቱ ማደስ ይገባል።

አሁን ሁለት ተጫዋቾችን እናስቀምጥ። እናንተ ዘንድ አንድ የ31 ዓመት ወርዋሪ አለ፤ ሁለት ዓመት ቀርቶታል፣ በዓመት 20 ሚሊዮን ያገኛል። ዘንድሮ አራት ድል፣ በሚቀጥለው ዓመት ዕድሜው ስለሚጫነው ሦስት ተኩል ብላችሁ ብትገምቱ፣ 32 እና 28፣ በድምሩ የ60 ሚሊዮን ሥራ ይሠራል። የሚከፈለው 40 ነው። ትርፉ 20 ሚሊዮን ሆነ።

እነርሱ ዘንድ የ22 ዓመት ሾርትስቶፕ አለ፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚከላከለው፣ በሜዳው ከባድ ከሚባሉት ቦታዎች አንዱን የያዘው ማለት ነው። አንድ ዓመት አገልግሎ አምስት ቀርቶታል። በዓመት ሁለት ድል ብቻ እንስጠው፤ በአምስት ዓመት አሥር ድል፣ የ80 ሚሊዮን ሥራ። ሁለት ዓመት በዝቅተኛው ደመወዝ አንድ ሚሊዮን ተኩል ገደማ ይወስዳል። በሦስቱ የግልግል ዓመታት ከገበያ ዋጋው 40፣ 60 እና 80 በመቶ ያገኛል የሚለው የተለመደ ግምት እዚህ ይሠራል፤ ይህም 29 ሚሊዮን ያህል ይሆናል። ወጪው በጠቅላላ 30 ሚሊዮን አካባቢ ነው፤ ትርፉ 50።

ዘ ሾው ላይ ብንሆን በችሎታ ነጥብ ወርዋሪው 88፣ ሾርትስቶፑ 74 ተብለው ቢጻፉ አይደንቅም። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ወርዋሪውን የሰጠው ቡድን ተጎዳ ይላል። ስሌቱ ግን 20 ሰጥታችሁ 50 ልትወስዱ እንደሆነ ይነግራችኋል። ኮምፒውተሩ «እቀበላለሁ» ቢልም እዚህ ላይ ራሳችሁ እጃችሁን መያዝ አለባችሁ።

ልውውጡን መተው ግን የግድ አይደለም። ያ ቡድን ዘንድሮ ለዋንጫ የሚታገል ከሆነ የዘንድሮን ድል ዋጋ በግማሽ ከፍ አደርግለታለሁ፤ ለእርሱ አራቱ ድሎች ከሌላው ቡድን ይልቅ ይጣፍጣሉና። የወርዋሪው የዘንድሮ ሥራ ከ32 ወደ 48 ይወጣል፤ ትርፉም 36 ይሆናል። የቀረውን 14 ሚሊዮን ከታችኛው ሊግ በአንድ ተስፈኛ ወጣት አሟሉ። አሁን ሁለቱም ደስ ብሏቸው የሚሄዱበት ነገር ተገኘ።

ገና ዋናውን ሊግ ያልረገጡ ወጣቶችን ስታሰሉ ግምቱን ቀንሱ። ከከፍተኛው የታዳጊ ደረጃ አንድ እርከን ዝቅ ያለውን እኔ በግማሽ እቆርጠዋለሁ፤ ገና በ18 ዓመቱ የተፈረመውን ከዚያም በላይ። በጨዋታውም በእውነቱም ዓለም አብዛኞቹ የታሰበላቸው ቦታ አይደርሱም፤ ወርዋሪዎች ደግሞ ይጎዳሉ።

4. የተቃራኒውን ቡድን ሁኔታ አንብቡ

ስሌቱ የተስተካከለ ልውውጥ ሁሉ አሳማኝ አይደለም። 60 ጨዋታ ብቻ ያሸነፈ፣ ቡድኑን ከሥር እየገነባ ያለ ክለብ የ34 ዓመት ወርዋሪ ለምን ይፈልጋል? አውት ኦፍ ዘ ፓርክ እያንዳንዱ ቡድን አሁን ለማሸነፍ እየሠራ ነው ወይስ እየገነባ ያለ የሚለውን ያሳያል፤ ከዚያ ጀምሩ። ቀጥሎ የተጫዋቾቹን ዝርዝር ክፈቱና ጎዶሎውን ፈልጉ። ሁለት ጥሩ ካቸር ያለው ቡድን ሦስተኛ አይቀበልም፤ የሚሰጣችሁ ግን ሊኖር ይችላል። በእውነተኛው ሊግ ብዙ ልውውጥ የሚወለደው እንዲህ ነው፤ አንዱ ቤት የተትረፈረፈው ሌላው ቤት ይጠፋል።

ለጥቂት ወራት ብቻ የሚቆይ ተጫዋች ነገር የሚገባን በዚህ ዓይን ስናየው ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ቺካጎ ከብስ ጨዋታ የሚዘጋውን ወርዋሪ አሮልዲስ ቻፕማንን ከያንኪስ ወሰዱ። በዓመቱ መጨረሻ ነፃ እንደሚወጣ እያወቁ፣ ከወጣቶቻቸው ሁሉ ተስፋ የተጣለበትን ግሌይበር ቶሬስን ከሌሎች ሦስት ጋር ሰጡ። በስሌት ብቻ ካየነው ከባድ ዋጋ ነው። ከብስ ግን ከ1908 ጀምሮ ዋንጫ አላዩም ነበር፤ በዚያው ዓመት አነሱት። ቻፕማን በክረምቱ ወደ ያንኪስ ተመለሰ፣ ቶሬስም ያንኪስ ውስጥ ሁለት ጊዜ ለኮከቦች ጨዋታ ተመረጠ። ሁለቱም ወገን የፈለገውን አገኘ።

ስለዚህ በጨዋታችሁ ከስሌት በላይ መክፈል ይፈቀዳል፤ ምክንያት ካለ። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሆናችሁ መሪውን በሁለት ጨዋታ ርቀት እየተከተላችሁ ከሆነ ክፈሉ። በአሥር ጨዋታ ርቃችሁ ከሆነ ግን እናንተ ሻጮች ናችሁ።

5. ጥያቄውን አዘጋጁ

ከአንድ ተጫዋች ጀምሩ፤ የምትፈልጉትን አስቀምጡ፣ ከዚያ በስሌታችሁ የሚመጥነውን ስጡ። አውት ኦፍ ዘ ፓርክ ላይ ይህ እንዲሳካ ምን እንደሚጎድል ኮምፒውተሩን መጠየቅ ይቻላል። ጠይቁ፣ ግን መልሱን ከስሌታችሁ ጋር አስተያዩት። ከስሌታችሁ በታች ከጠየቀ እናንተ ጨምሩለት። ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሊጉን ለረጅም ዘመን የሚያቆየው ግን ይኸው ነው።

ብዛትን በጥራት አትቀይሩ። አራት ጥጃ ተደምሮ አንድ የእርሻ በሬ አይሆንም። በጨዋታዎቹ ውስጥ ትልቁ ክፍተት ይህ ነው፤ ኮምፒውተሩ የእያንዳንዱን ተራ ተጫዋች ትንሽ ዋጋ ይደምርና ድምሩ ኮከቡን ሲያህል ይስማማል። በእውነት ግን ቡድኑ በሜዳ ዝርዝሩ 26 ሰው፣ በተጠበቀው ዝርዝሩ 40 ሰው ብቻ ነው የሚይዘው፤ አራት ተራ ተጫዋች የሚቀበል ሰው አራት ሰው ማሰናበት ሊኖርበት ነው። የእኔ ደንብ ቀላል ነው፦ ኮከብ ከወሰድኩ፣ ከምሰጣቸው ውስጥ ቢያንስ አንዱ እኔን ራሴን ቅር የሚያሰኘኝ መሆን አለበት።

ገንዘብም መሣሪያ ነው። በየካቲት 2020 ቦስተን ሬድ ሶክስ ሙኪ ቤትስን ለሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ሲሰጡ፣ ዴቪድ ፕራይስንም አብረው ላኩት። ፕራይስ ለሦስት ዓመት 96 ሚሊዮን ዶላር ቀርቶት ነበር፤ ቦስተን ግማሹን ራሷ ከፈለች። ያገኘችው አሌክስ ቨርዱጎን፣ ጂተር ዳውንስንና ኮነር ዎንግን ነው። ለቤትስ ብቻ ይህ ትንሽ ነው፤ ግን ዶጀርስ ከእርሱ ጋር የፕራይስን ውል ግማሽም ተሸክመዋል። በአውት ኦፍ ዘ ፓርክ የደመወዙን የተወሰነ ክፍል እኛ እንከፍላለን ማለት ይቻላል። ከባድ ውል ያለው ተጫዋች ልትሸኙ ከሆነ፣ ወይ ገንዘብ ክፈሉ ወይ ወጣት ጨምሩ፤ ሸክሙን ለሌላው አራግፋችሁ በዚያ ላይ ጥሩ ተጫዋች መቀበል ግን አይታመንም።

6. የሊጉን ደንቦች አስታውሱ

እነዚህን ጨዋታው ካላስከበረ ራሳችሁ አስከብሩ። የልውውጥ መዝጊያው ሐምሌ መጨረሻ አካባቢ ነው፤ ከ2019 ጀምሮ ከዚያ በኋላ በነሐሴ ይደረግ የነበረው ልውውጥ ቀርቷል። ቡድኖች ወጣቶችን በየተራ በሚመርጡበት ዓመታዊ ምርጫ አዲስ የተመረጠ ልጅ የዚያ ዓመት የሊጉ የፍጻሜ ውድድር (ወርልድ ሲሪስ) ሳያልቅ አይለወጥም። የወደፊት የምርጫ ተራም፣ ለትናንሽ ገበያ ቡድኖች ከሚሰጡት ልዩ ተራዎች በቀር፣ አይለወጥም፤ ስለዚህ ያንን ቅንብር ዝጉት። በክረምቱ ነፃ ሆኖ የፈረመ ተጫዋች ያለ ፈቃዱ እስከ ሰኔ 15 በፈረንጅ አቆጣጠር አይሸጥም።

አሥር ዓመት በሊጉ፣ የመጨረሻዎቹን አምስት በአንድ ቡድን የቆየ ተጫዋች እምቢ የማለት መብት አለው። አንዳንዶች ደግሞ በውላቸው ውስጥ የማይሄዱባቸውን ቡድኖች ያስጽፋሉ። የሶቶ ልውውጥ ራሱ በዚህ ሊናጋ ነበር፤ መጀመሪያ ከሚላኩት አንዱ ኤሪክ ሆዝመር ነበር፤ ወደ ዋሽንግተን አልሄድም አለና በእርሱ ቦታ ቮይት ገባ። በጨዋታችሁ ውስጥ ለረጅም ዘመን ያገለገለ የቡድናችሁ ሰው ካለ ይህን መብት አክብሩለት፤ ጨዋታው ባያስገድዳችሁም እንኳ ዕድሜውንና ቤቱ የት እንደሆነ አይታችሁ ይሄድ እንደሆነ ወስኑ።

7. ከመፈጸማችሁ በፊት ተከራከሩ

የመፈጸሚያውን ቁልፍ ከመጫናችሁ በፊት የተቃራኒውን ቡድን ገጽ ክፈቱ። የዚያ ቡድን ሥራ አስኪያጅ ነገ ጠዋት ለጋዜጠኞች ምን ይላል? አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉለት፤ «ወርዋሪ ያስፈልገን ነበር፣ ሾርትስቶፕ ደግሞ ከኋላው ሌላ ልጅ አለን» የሚል ዓይነት። ሳታፍሩ ልትጽፉት ካልቻላችሁ ልውውጡ አልበሰለም። ከዚያ የራሳችሁንም ጻፉ። ሁለቱን በጨዋታው ማስታወሻ ወይም በአንድ ደብተር ብታቆዩ፣ ከአምስት የጨዋታ ዓመት በኋላ ስትመለሱበት የሊጋችሁ ታሪክ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ከአንድ ቡድን ጋር በአንድ ዓመት ከአንድ ትልቅ ልውውጥ በላይ አታድርጉ። በራሳችሁ ምድብ ካሉ ተፎካካሪዎች ጋር ደግሞ ዋጋው ከፍ ይበል፤ ማንም ሰው ለጎረቤቱ ኮከብ በርካሽ አይሰጥም። በዓመት ሦስት ወይም አራት ትልልቅ ልውውጥ ይበቃል፤ ትንንሾቹን አልቆጥርም።

አንዴ ከተፈጸመ በኋላ የተቀመጠውን ፋይል መልሳችሁ አትጫኑ። በ1987 ዲትሮይት ታይገርስ ለምድቡ መሪነት እየታገሉ አንጋፋውን ወርዋሪ ዶይል አሌክሳንደርን ከአትላንታ ብሬቭስ አመጡ፤ የሰጡት ከታችኛው ሊግ አንድ የ20 ዓመት ወርዋሪ ነበር። አሌክሳንደር ለዲትሮይት ዘጠኝ አሸንፎ አንድም ሳይሸነፍ ዓመቱን ጨረሰ፤ ታይገርስም ምድቡን በሁለት ጨዋታ ልዩነት አሸነፉ። ያ ልጅ ጆን ስሞልትዝ ነበር፤ በ2015 የቤዝቦል ታላላቆች ወደሚዘከሩበት አዳራሽ ገብቷል። በዚያ ነሐሴ ለሁለቱም ፍትሐዊ የሆነ ልውውጥ ነው። ልውውጥ የሚመዘነው በተደረገበት ቀን በሚታወቀው ነው፤ በጨዋታችሁም ልጁ ኋላ ኮከብ ቢሆን የታሪካችሁ አካል አድርጋችሁ ተቀበሉት።

8. ከሰው ጋር ስትጫወቱ

ብዙ ሰው በአንድነት በሚጫወትበት ሊግ ውስጥ ስሌቱ ያው ነው፤ የሚጨምረው ዳኝነት ነው። አንድ ኮሚሽነር ምረጡ፤ ልውውጥ ሁሉ ከመጽደቁ በፊት 48 ሰዓት ለሁሉም ይታይ። መሻሪያው ግን ጠባብ ይሁን። ሁለት ጓደኛሞች አንዱን ቡድን ለማጠንከር ሌላውን ካራቆቱ፣ ወይም ሊጉን ሊለቅ ያሰበ ሰው ኮከቦቹን እየበተነ ከሆነ፣ ይሻር። አንድ ሰው ተሳስቶ ብዙ ከከፈለ ግን መብቱ ነው።

ለዚህ በእውነተኛው ሊግ የታወቀ ጉዳይ አለ። በሰኔ 1976 የኦክላንድ አትሌቲክስ ባለቤት ቻርሊ ፊንሊ ሦስት ኮከቦቹን በጥሬ ገንዘብ ሸጠ፤ ጆ ሩዲንና ሮሊ ፊንገርስን ለቦስተን በነፍስ ወከፍ በአንድ ሚሊዮን ዶላር፣ ቫይዳ ብሉን ለያንኪስ በአንድ ሚሊዮን ተኩል። ኮሚሽነሩ ቦዊ ኩን ለቤዝቦል ጥቅም አይበጅም ብሎ ሽያጩን ሻረ፤ ፊንሊ ፍርድ ቤት ቢሄድም አልረታም። ሊጋችሁ በገንዘብ ብቻ የሚደረግ ሽያጭን ይከልክል ወይም ጣሪያ ያብጅለት፤ ደንቡም ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ይጻፍ። ኮሚሽነሩ ልውውጥ ሲሽር ምክንያቱን ለሁሉም በጽሑፍ ያሳውቅ፤ ሁለቱ ቡድኖችም አስተካክለው ዳግም የሚያቀርቡበት አንድ ቀን ይኑራቸው። ኮሚሽነሩ ራሱ በሚያደርገው ልውውጥ ላይ ደግሞ የሚወስን ሌላ ሰው አስቀድማችሁ ሰይሙ።